የመሠረት ሲ ሦስት

መሠረት ካሜራዋን የነካባትን ሰው እጅ ትመታለች። ትልቅ ነው ትንሽ ነው ብላ አታማርጥም። አንድ የሠርግ ቀን የሙሽራው አባት፣ ካባ የደረቡ የተከበሩ ሰው፣ «እስቲ እኔም ልየው» ብለው ጣታቸውን ሲዘረጉ በመዳፏ ጧ አድርጋቸው ዘፈኑ ሳይቀር ቆሟል። ኋላ ጉልበታቸውን ስማ ይቅርታ ጠይቃለች፤ ካሜራውን ግን አላስነካችም። የሽሮ ሜዳ ሰው ይህን አመሏን ስለሚያውቅ «የመሲን ዕቃ ከምትነካ የመብራት ሽቦ ብትጨብጥ ይሻልሃል» ይላል።

ለቁጣዋ ምክንያት አላት። በካሜራው አናት ላይ የምትዞር ክብ ቁልፍ አለች። ቁልፏ ላይ ከተጻፉት ምልክቶች መካከል ሲ አንድ፣ ሲ ሁለትና ሲ ሦስት የሚባሉት ባለቤቱ እንደፈለገ የሚሞላቸው ቦታዎች ናቸው። ባለቤቱ ብርሃኑን፣ ቀለሙንና ፍጥነቱን እንደ ሥራው ጠባይ ያስተካክልና ሜኑ ውስጥ ገብቶ «መዝግብ» ይላል። ከዚያ ወዲያ ቁልፏን ዞር ማድረግ ብቻ ነው፤ ያ ሁሉ ልክ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ሰው ሲነካካት ግን ቁልፏ ሳይታወቅ ትዞርና ሙሽራዋ በኩታ ልክ ትነሳለች። መሠረት አንድ ሙሉ መልስ እንዲህ ተበላሽቶባታል።

ሲ አንድ የሸማ ናት። ነጭ ጥጥ ካሜራን ያታልላል። ካሜራ ነጭ ሲበዛበት ብርሃን የበዛ እየመሰለው ያጠቁረዋል፤ የሸማኔው ልፋት ሁሉ አመድ መስሎ ይወጣል። ብርሃን ሲጨመርለት ደግሞ ፈትሉ ይጠፋና ኩታው ወረቀት ይሆናል። መሠረት የሟች አባቷን ጋቢ ከሽቦ ላይ ሰቅላ፣ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆማ፣ ነጩ ነጭ ሆኖ ክሩም የሚቆጠርበትን ልክ አገኘችና መዘገበችው። ልብስ ሻጮቹ በቴሌግራም የሚለጥፉት ቀሚስ ሁሉ በሲ አንድ የተነሳ ነው።

ሲ ሁለት የሙሽራ ናት። ፊት ታበራለች፣ ቆዳ ታለሰልሳለች፣ ቡግር ታጠፋለች፣ ጠይሟን የቀይ ዳማ ታደርጋለች። መሠረት በዚህች አትኮራም። ቢሆንም እውነተኛ ፊቷን በሠርጓ ቀን ማየት የምትፈልግ ሙሽራ እስካሁን አላጋጠመቻትም፤ እንጀራም እንጀራ ነው።

ሲ ሦስት ባዶ ነበረች።

እንግዲህ ስለ ወንድሟ ስለ አክሊል ሳይወራ ስለ መሠረት ማውራት አይቻልም። አባታቸው ከጨንቻ መጥተው ሽሮ ሜዳ የከተሙ ሸማኔ ነበሩ። እሳቸው ሲሞቱ አክሊል በአሥራ አራት ዓመቱ የአባቱ የሽመና ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰዶ ተቀመጠ፤ ቤቱንም ያዘ። መሠረት በአራት ዓመት ታንሰዋለች። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ልጆች ሰድበዋት እያለቀሰች ብትመጣ፣ ጥጥ ፀጉሩ ላይ እንደተበተነ ወጥቶ ሄደና የተሳዳቢውን የፊት ጥርስ በድንጋይ አወለቀው። ከዚያ ወዲያ ማንም ቀና ብሎ አላያትም።

ካደገችም በኋላ ያው ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ቁስቋም አካባቢ ሠርግ ስታነሳ አንድ የሰከረ ሚዜ የካሜራዋን ማንገቻ ከአንገቷ ጋር ጠምዝዞ ጎተታት። ደወለች። አክሊል በሃያ ደቂቃ ውስጥ ደረሰ፤ ማን እንደሆነ ብቻ ጠየቀ። የመጀመሪያው ቡጢ የሚዜውን መንጋጋ ሰበረው፣ ሁለተኛው አፍንጫውን፤ ከወደቀ በኋላም በጫማው ደጋገመው። ሁለት ጥርስ ነጩ ምንጣፍ ላይ ቀሩ። መሠረት ያን ቀን ሳቀች። ዓመት ሙሉ ለሰው አወራችው። «እኔ ወንድም አለኝ!» ትል ነበር። ኋላ እንቅልፍ የነሳት ይህ ሳቅ ነው፤ ምክንያቱም ያቺው እጅ ቤት ስትገባ ምን እንደምትሠራ ታውቅ ነበር።

አዎ፣ ታውቅ ነበር። የወንድሟ ሚስት የሺሀረግ ፈታይ ናት፤ የእሷን ክር ለማግኘት ሸማኔዎች ተራ ይጠብቃሉ። ከተጋቡ በሁለተኛው ዓመት ነው አክሊል መምታት የጀመረው። መጀመሪያ በጥፊ፣ ቀጥሎ በቀበቶ፣ ከዚያ በደረሰበት። ጎረቤት ይሰማል። እናታቸው እማማ ዓለሜ አንድ ግቢ ውስጥ እየኖሩ «ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል፤ መሃል የገባ ይሰምጣል» ይላሉ። መሠረትም መሃል አልገባችም። ለየሺሀረግ ቅባት ትገዛላት ነበር።

በግንቦት አንድ ሰኞ ከቀትር በኋላ፣ መሠረት ሙሽራ አንስታ ተመልሳ ፎቶ ቤቷ ውስጥ ጫማዋን ስታወልቅ የሺሀረግ በነጠላ ተሸፋፍና ገባች።

«መሲ፣ በሩን ዝጊው።»

ነጠላውን ስትገልጠው መሠረት ጫማዋን እንደያዘች ቀረች። የግራ ዓይኗ ተደፍኗል። ጉንጯ እስከ አንገቷ ድረስ በልዟል። ቅንድቧ ላይ የተሰነጠቀው ቁስል ደሙ ደርቆበታል።

«በምን መታሽ?»

«በሽመናው መወርወሪያ። ከዚያ በእግሩ።»

«ምን አድርገሽ?»

«ክሩ ተበጠሰበት።» የሺሀረግ አላለቀሰችም። «ፎቶ አንሺኝ። ሽማግሌ ልጠራበት ነው። ባለፈው ምልክቱ ከጠፋ በኋላ ስለነገርኳቸው ወድቀሽ ነው አሉኝ። አሁን በዓይናቸው ይዩትና ያፋቱኝ። ከዚያ ቤት ካልወጣሁ ይገድለኛል፣ መሲ።»

መሠረት ከበሩ ስንጥቅ በሚገባው ብርሃን አጠገብ አስቀመጠቻት። ካሜራው ከሠርጉ እንደመጣ ሲ ሁለት ላይ ነበር። ማለስለሻውን ወደ ዜሮ አወረደች፤ ብርሃኑን ቀነሰች፤ ማሞቂያ ቀለሙን አጠፋች። ልታነሳ ዓይኗን ስታስጠጋ የቆርቆሮው በር ጓ አለ።

«የሺሀረግ! ውጪ! እዚህ እንዳለሽ አውቃለሁ!»

አክሊል ነው። ሁለቱ ሴቶች ጠረጴዛውን ገፍተው በሩ ላይ ለጠፉትና በትከሻቸው ደገፉት። እሱ በእርግጫ ይመታል፤ ቆርቆሮው ወደ ውስጥ እየጎበጠ ጀርባቸውን ይወጋቸዋል። የሺሀረግ «እመቤቴ፣ እመቤቴ» ትላለች። ስንት ደቂቃ እንደቆየ አንዳቸውም አያውቁም። ድንገት ዝም አለ፤ ድንጋይ ሊያመጣ ሄዷል። መሠረት ካሜራውን አነሳች፤ የጀርባው መስኮት ጨልሞ ነበር፤ ቁልፉን ተጫን ስታደርገው ነቃ። ዘጠኝ ጊዜ አከታትላ አነሳችና ሚሞሪውን ነቅላ ካልሲዋ ውስጥ ከተተችው።

በሩ በሦስተኛው ድንጋይ ተገነጠለ። አክሊል ገብቶ ካሜራውን ነጠቃት፤ ሆዱን ከፍቶ አየ፤ ባዶ ነው።

«ሚሞሪው የታል?»

«አላነሳሁም።»

እጁን አነሳ። መሠረት ዓይኗን ጨፈነች። እጁ ግን አልወረደም። እኅቱን አይመታም፤ ይህ ትልቁ ኩራቱ ነበር። በምትኩ ኮምፒውተሯን አንስቶ ወለሉ ላይ ከሰከሰውና ረጋገጠው፤ የካሜራዋን ስታንድ እግር በጉልበቱ ሰበረው። ከዚያ የሺሀረግን በፀጉሯ ይዞ ወጣ። ከፎቶ ቤቱ እስከ ግቢው ድረስ ባለው ዳገት፣ በሁለቱም በኩል በተደረደሩት ልብስ ቤቶች መሃል እየጎተተ ወሰዳት። ያ ሁሉ ሰው መቀሱንና ሜትሩን እንደያዘ ቆሞ አየ። የጮኸች አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ልዩ የምትባለው የፎቶ ቤቱ ጎረቤት ልብስ ሰፊ። የቀረው ሸማውን እያጠፈ ዝም አለ። ያን ሁሉ ዝምታ የሚያነሳ ካሜራ ቢኖር ደግ ነበር።

ሚሞሪው ልዩ ዘንድ፣ የልብስ ቁልፍ ማስቀመጫ ጣሳ ውስጥ፣ አሥራ ሁለት ቀን ተደበቀ። አክሊል በየቀኑ እየመጣ ፎቶ ቤቱን ይበረብር ስለነበር መሠረት አውጥታ ለማየት አልደፈረችም። ሽማግሌዎቹ አንዴ ለቅሶ፣ አንዴ ማኅበር እያሉ ቀጠሮውን ገፉት። በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ዊንጌት አካባቢ ካለ ማሳጠቢያ ቤት ፎቶዎቹን አሳጥባ ፖስታውን ይዛ ታክሲ ውስጥ ገባች። ታክሲው ሲንቀሳቀስ ከፈተችው።

የሺሀረግ ሙሽራ መስላለች።

ጉንጯ ለስልሷል፤ በለዙ በብርሃን ተበልቷል። ያበጠው ፊቷ ድሎት የያዛት ሴት ፊት መሰለ። የተደፈነው ዓይኗ አፍራ የሰበረችው ይመስላል። የቅንድቧ ቁስል እንኳ ጥላ ሆኗል። መሠረት ወዲያው ገባት። ካሜራ ሥራ ሲፈታ ያንቀላፋል፤ ሲነቃ ያልተመዘገበለትን ሁሉ ረስቶ ወደ ተመዘገበለት ይመለሳል። እሷ አስተካከለች እንጂ አልመዘገበችም። በሩን ደግፈው በቆዩበት ጊዜ ካሜራው ተኝቶ ሲ ሁለት ሆኖ ተነሳ። ይህን እንደ ስሟ የምታውቀው ሴት ናት የረሳችው! የገዛ ፊቷን በጥፊ መታች፤ ደግማ መታች። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ «ወራጅ አለ!» ብለው ሳይደርሱ ወረዱ።

ሽማግሌዎቹ የተሰበሰቡት የእድሩ ድንኳንና ወንበር በሚቀመጥበት ክፍል ነው። የእድሩ ዳኛ አባባ ስብሐት ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አዩና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ይቺ እኮ ሠርግ የተጠራች ትመስላለች።»

«አባባ፣ ካሜራው አንቀላፍቶ ነው። እ... ማለቴ፣ ሲነቃ ወደ ሙሽራው ልክ ተመልሶ...»

«እና ካሜራው ነው የዋሸው?»

«አዎ።»

ሳቁ። አንዱ ሽማግሌ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» አሉ። የየሺሀረግ ፊት ላይ አንዲት የቅንድብ ጠባሳ ብቻ ቀርታለች፤ ያችን ምን እንዳመጣት እማማ ዓለሜን ጠየቋቸው። እማማ ዓለሜ መሬት መሬቱን እያዩ «የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ወድቃ ነው። እኔ አይቻለሁ» አሉ። አክሊል የሽማግሌዎቹን ጉልበት ሳመ። የሺሀረግ ቤቷ እንድትገባ ተፈረደባት። በመሠረት በኩል ስታልፍ ካሜራውን ብቻ አየችው።

በአራተኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ ጩኸቱ እስከ አስፋልቱ ተሰማ። አክሊል «የሰው በር መክፈት ለመድሽ አይደል» ብሎ ቀኝ እጇን አንጓዋ ላይ ጨብጦ ጣቶቿን የብረት በሩ መቃን ላይ አስደገፈና በሩን በሙሉ ኃይሉ ዘጋባት። አልበቃውም፤ ደገመው። ክር የምታወጣባቸው ሦስቱ ጣቶቿ ተሰበሩ። ሆስፒታል ስትጠየቅ፣ እሱ ከአልጋው አጠገብ ቆሞ ነበርና፣ «ነፋስ በሩን ዘጋብኝ» አለች።

መሠረት ይህን እንደሰማች ፎቶ ቤቷ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን ሙሽሮች ሁሉ እያወረደች ወለሉ ላይ ከሰከሰቻቸው። መስተዋቱ እግሯን ቆረጣት። ካሜራውንም ልትወረውር አንስታው ነበር፤ ከዚያ ቁልፏን አየች። ሲ ሦስት ባዶ ናት። ኩታ የራሱ ልክ አለው፤ ሙሽራ የራሷ ልክ አላት። ለተመታ ሰው ቆዳ ልክ ያወጣለት የለም።

ልክ ለማውጣት መሞከሪያ ያስፈልጋል። የአባቷን ጋቢ እንደሰቀለችው የሺሀረግን ሽቦ ላይ ልትሰቅላት አትችልም። ስለዚህ ወንድሟ የሰበረውን የስታንድ እግር አነሳች፣ ግራ ክንዷን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፣ መታችው። ቀላል ሆነባት። ጥርሷን ነክሳ ሁለተኛውን ከትከሻዋ አምጥታ አሳረፈችው፤ ሦስተኛውንም። ልዩ ድምፁን ሰምታ እየሮጠች ገባች።

«አበድሽ እንዴ አንቺ? ምን እየሆንሽ ነው?»

«ሂጂ ሜትርሽን አምጪልኝ።»

«መሲ!»

«ሜትርሽን አልኩ! ነጭ ቁራጭ ጨርቅም።»

በዚያን ቀን፣ በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ያችኑ ክንድ አነሳቻት። ፍላሽ እንደማይሆን አወቀች፤ ቆዳው ላይ ያብለጨልጭና በለዙን ይበላዋል። ብርሃኑ ከጎን መምጣት አለበት። ከሚታየው አንድ ደረጃ ጨለም ማለት አለበት፤ ጠይም ቆዳ ላይ በለዝ የሚወጣው ያኔ ነው። የጨርቁ ነጭ ነጭ እስኪሆን ቀለሙ መታሰር አለበት፤ ማለስለሻው ፈጽሞ መጥፋት አለበት። ሜትሩ ከቁስሉ አጠገብ መዘርጋት አለበት። ደግሞም በመጀመሪያው ቀን ቀላ ብሎ ብቻ የታየው፣ በሦስተኛው ቀን ጠርዙ ሳይቀር ተለይቶ ወጣ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉት ለካ ለበለዝም ይሠራል። እያንዳንዱን ቁጥር ጻፈች። ካሜራው ዳግመኛ እንዳያንቀላፋ ማንቀላፊያውን አጠፋችበት። በመጨረሻ ሜኑ ውስጥ ገብታ ሲ ሦስት ላይ ቆመችና «መዝግብ» አለችው። አላመነችውም። አጠፋችው፤ ባትሪውን ነቀለች፤ መልሳ አስገብታ አየች። ይዞታል።

እሑድ በጠያቂ ሰዓት ሆስፒታል ሄደች። እማማ ዓለሜ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጠው ምራታቸውን ያጎርሷታል። ከረቡዕ ጀምሮ ሲያጎርሷት የሰነበቱት እሳቸው ናቸው። የሺሀረግ ካሜራውን ስታይ ፊቷን አዞረች።

«ደግሞ ልታስቂብኝ ነው?»

መሠረት ካሜራውን አልጋው ላይ አስቀመጠች። እጅጌዋን ሰብስባ የራሷን ክንድ አሳየቻት። የሺሀረግ ያንን ጥቁር በለዝ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ጀሶ የታሰረውን እጇን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አወጣችና መስኮቱ ዘንድ ዘረጋችው።

ጀሶው ጣቶቿንና መዳፏን ይዟል፤ አንጓዋ ግን ክፍት ነው። በዓይን ሲያዩት ትንሽ ጠቆር ያለ ነው፣ በቃ። መሠረት ሜትሩን ዘረጋች፣ ነጩን ጨርቅ አስቀመጠች፣ ቁልፏን ወደ ሲ ሦስት አዞረች። ያነሳችውን በካሜራው መስኮት ላይ አሳደገችው። በአንድ በኩል አራት፣ በሌላው በኩል አንድ፤ የጨበጣት እጅ ጣት በጣት ተቀምጧል። እማማ ዓለሜ በመሠረት ትከሻ ላይ አንገታቸውን አስግገው አዩ። ማንኪያውን ሊያጥቡ ወጡ።

የሺሀረግ ከሆስፒታል ስትወጣ ልዩ ቤት ገባች። ሽማግሌ የጠራው በዚህ ጊዜ አክሊል ነው፤ «ሚስቴን መልሱልኝ» አለ። ከተመለሰች በሚቀጥለው ጊዜ ሆስፒታል እንደማትደርስ መሠረትም ልዩም ያውቃሉ። መሠረት ያቺን ፎቶ በሜትሩ እየለካች በልኳ አሳጠበቻት፤ ወረቀቱ ላይ ያለው አሥር ሴንቲ በልዩ ሜትርም አሥር ሴንቲ እስኪሆን ሦስት ጊዜ አስመለሰች።

ቅዳሜ ያው ክፍል፣ ያው የእድር ወንበር። አባባ ስብሐት ጀመሩ።

«ነፋስ ነው ያለችው ራሷ አይደለችም እንዴ?»

«አጠገቤ ቆሞ ፈርቼ ነው» አለች የሺሀረግ።

መሠረት ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «አባባ ስብሐት፣ ነፋስ አምስት ጣት አለው?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ምልክቶቹን በጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያ ቀና ሳይሉ «አክሊል፣ ና እስቲ እጅህን እዚህ ላይ አኑራት» አሉ።

አክሊል ሳቀ። ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። «በእኅቴ ካሜራ ነው የምትዳኙኝ? ባለፈው ሙሽራ ይዛላችሁ መጣች። ካሜራው ነው የዋሸው ብላ በአፏ ነገረቻችሁ። የዛሬው ላለመዋሸቱ ምን ዋስትና አላችሁ?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «እሱስ እውነቱን ነው» አሉ አንደኛው። መሠረት የፎቶውን ጠርዝ ጨበጠች። የመጀመሪያው ስህተቷ የየሺሀረግን ጣቶች በልቷል፤ አሁን ነፍሷን ሊበላ ነው።

«የዛሬው አይዋሽም!» ብላ ጮኸች። እጅጌዋን ገለጠች። «በገዛ ሥጋዬ ነው የለካሁት! አንተ በሰበርከው ብረት! ሰው መሆን ያቃተህ...»

አልጨረሰችም። አክሊል ጠረጴዛውን ገልብጦ ደረሰባት። አንገቷን አንቆ ከግድግዳው አጋጫት፤ በሌላው እጁ አፏን መታት፤ ደገማት። የድንኳን ብረቶቹ እየተንኳኩ ላያቸው ላይ ወደቁ። አራት ሽማግሌ ተንጠልጥለውበት እንኳ ጣቶቹን ከአንገቷ ለማላቀቅ ጊዜ ፈጀ። ወንበር ላይ ጎትተው አስቀመጡት። መሠረት ወለሉ ላይ ተቀምጣ ደም ተፋች። ያ ሚዜ ነጭ ምንጣፍ ላይ የተፋውን ያህል ነበር። ከአፏ ይልቅ ያመማት ወንድሟ መሆኑ ነው፤ በድንጋይ የተሟገተላት ወንድሟ።

አክሊል እያለከለከ እጁን መልሶ ኪሱ ውስጥ ከተተ። አባባ ስብሐት ፎቶውን ከወለሉ አንስተው አቧራውን አራገፉ። «ሰው ሲቆጣ ብዙ ያደርጋል» አሉ አንዱ ሽማግሌ ቀስ ብለው፤ «ለሌላ ቀን ብንቀጥረውስ? እስከዚያ እሷም ቤቷ ብትሆን...» የሺሀረግ ጀሶዋን በግራ እጇ አቅፋ ወደ በሩ አየች።

እማማ ዓለሜ ከጥጋቸው ተነሡ። ማንም አልጠራቸውም። በመሠረት አጠገብ አለፉ፣ ልጃቸው ፊት ቆሙ።

«አውጣ።»

«እማዬ፣ አንቺ ደግሞ ተይ።»

«እጅህን አውጣ አልኩህ።»

አላወጣም። ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ክንዱን ያዙና ከኪሱ ሳቡት። ያ አራት ሰው ያልቻለው ሰው ለሰባ ዓመት አሮጊት እጁን ሰጠ። የእኅቱ ደም ጣቶቹ ላይ አለ። አባባ ስብሐት ፎቶውን ይዘው ቀረቡ።

«ለሌላ ቀን አትቅጠሩት» አሉ እማማ ዓለሜ። «ባለፈው ዋሽቻችኋለሁ። ጉድጓድ ውስጥ አልወደቀችም፤ ይሄ ሲጥላት አይቻለሁ። ይሄንንም ካሜራ ቢዋሽ እኔ አልዋሽም። ይቺን እጅ የወለድኳት እኔ ነኝ።»

እጁን ፎቶው ላይ አስተኙት። አውራ ጣቱን በአውራ ጣቱ ምልክት ላይ፣ አራቱን በአራቱ ላይ፣ አንድ በአንድ እያስተካከሉ አስቀመጡት። ልክክ አለ። አባባ ስብሐት ወደ የሺሀረግ ዞረው «አትመለሺም፣ ልጄ» አሏት፤ ከዚያ አንዱን ሽማግሌ ፖሊስ እንዲጠሩ ላኩ።

አክሊል አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። መሠረት ይህን ቀን ስትመኘው ሰንብታ ነበር፤ ሲደርስ ግን ደስ አላላትም፤ አፏን በነጠላዋ ይዛ ለወንድሟ አለቀሰች። እማማ ዓለሜ አላለቀሱም። ፖሊሶቹ እስኪመጡ ድረስ ወንበር ስበው ከልጃቸው አጠገብ ተቀመጡና ያችን እጅ ፎቶው ላይ እንዳለች ይዘው አልለቀቁም።